ፈጠራ ከምድጃ ዳር ይጀምራል

ይህንን ንግግር በወረቀት ታትሞ የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ፊደል ቆጥራችሁ እዚህ ደርሳችኋልና እንኳን ደስ አላችሁ። ቃል ሲከብዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አጠገባችሁ ልጅ ካለ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። የዛሬው ነገር እሱንም ይመለከታል።

የምንነጋገረው ስለ ፈጠራ ነው። ፈጠራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አውሮፕላን ወይም ትልቅ ፋብሪካ ነው። «ፈጠራ የተማረ ሰው ሥራ ነው። እኛ ምን እናውቃለን?» እንላለን። እስቲ ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። ፈጠራ ማለት ያለንን ይዞ የሌለንን ማውጣት ነው። ሣሩን ይዞ መሶብ፣ ጭቃውን ይዞ ምጣድ፣ ቃሉን ይዞ ተረት ማውጣት ነው። እንዲህ ከሆነ፣ በየቤታችን ያልፈጠረ ማን አለ?

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ያደግሁት በመካነ ሰላም አካባቢ ነው። መካነ ሰላም ከደሴ በስተምዕራብ፣ በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ከለላና ወግዲ ጎረቤቶቿ ናቸው። አገሩ ደጋ ነው። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ግን መሬቱ እየቆለቆለ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ደጋው ብርዳም ስለሆነ ማታ ሰው ሁሉ ምድጃ ዳር ይሰበሰባል። ጥጥ የሚፈተለውም፣ ስፌት የሚሰፋውም፣ ተረት የሚወራውም እዚያው ነው። እኔም ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ የተማርሁት ብዙ ነገር አለ። የተማርሁትም ከዚያ ምድጃ ዳር ነው።

ስፌትና ሒሳብ

በመጀመሪያ ስፌትን እንመልከት። ስፌት የምትሰፋ ሴት ከሁሉ በፊት ሣሩን ታውቃለች። አክርማው የቱ እንደሆነ፣ ስንደዶው የቱ እንደሆነ፣ መቼ ለቅሞ ማድረቅ እንደሚገባ ታውቃለች። ያደረቀችውን ትሰነጥቃለች። ቀለም የሚገባውን በፈላ ቀለም ትነክራለች። ከዚያም ስንደዶውን በውስጥ ታደርጋለች። በውኃ የራሰውን አክርማ በላዩ እየጠመጠመች፣ በወስፌ እየወጋች ትሰፋለች። ሥራው ከመካከል ተጀምሮ እየዞረ፣ እየሰፋ ይሄዳል። መሶቡም፣ ሌማቱም፣ ሰፌዱም፣ ሙዳዩም የሚወጣው እንዲህ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ጌጡም አብሮ መስፋት አለበት። ስለዚህ ሰፊዋ ትቆጥራለች። ገና ሳትጀምር መጨረሻው ምን እንደሚመስል በሐሳቧ ታየዋለች። በወረቀት የተሣለ ንድፍ የላትም። ንድፉ ያለው በጭንቅላቷ ውስጥ ነው።

ይህንን እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 3ኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። «6 ሲባዛ በ2 ስንት ነው?» ስላት ዝም ትላለች። ትምህርት አይገባትም ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ። አንድ ቀን ተማሪዎቹን «ቤታችሁ ከሚሠራው ነገር አንዳንድ አምጡ» አልኋቸው። እሷ ጅምር ሙዳይ ይዛ መጣች።

«ማን ሰፋው?» አልኋት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ይህ ቀይ ጌጥ እንዴት እንዲህ እኩል እኩል ወጣ?»

«እቆጥራለኋ! 6 ቀይ፣ 6 ነጭ፣ እንደገና 6 ቀይ።»

«እሺ፣ ሁለቱ ቀይ አንድ ላይ ስንት ይሆናል?»

«12 ነዋ!» አለችኝ። ይህ ደግሞ ምን ያስጠይቃል የምትል ትመስል ነበር።

አያችሁ? ልጅቷ ሒሳቡን ታውቀዋለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። በምታውቀው ነገር አልጠየቅኋትም። መምህራን ማሰልጠኛ ሳለሁ የትምህርት መርጃ መሣሪያ በአካባቢ ከሚገኝ ነገር መሥራትን ተምሬአለሁ። በየትምህርት ቤቱም «ማበልጸጊያ ማዕከል» የሚባል ክፍል አለ። መምህራን እዚያ ውስጥ ከቆርኪ መቁጠሪያ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ሥዕል፣ ከጭቃ ልዩ ልዩ ቅርጽ ይሠራሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የመጡትን ዕውቀት ግን ሳልጠይቅ ቆይቼ ነበር።

የጭቃ በሬ፣ ገበጣና ዋሽንት

ልጅ ሲጫወት ሥራ እየፈታ ይመስለናል። በክረምት ከብት ስንጠብቅ የጭቃ በሬ እንሠራ ነበር። ከጭራሮ ቀንበርና ሞፈር እናበጅለታለን። ቀንበሩ ሲጠምብን፣ ሞፈሩ ሲረዝምብን፣ ማታ ቤት ገብተን የአባታችንን ዕቃ አስተውለን እናያለን። በማግስቱ እናስተካክላለን። ገበሬ የሚሆን ልጅ መጀመሪያ የሚያርሰው በጭቃ በሬ ነው።

ገበጣንም ተመልከቱ። ገንዘብ አይጠይቅም። መሬቱን በ2 ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ አድርጎ መቆፈር ነው። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ቢገባ ጠጠሩ በጠቅላላው 48 ይሆናል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ተጫዋቹ ግን በየትም ቦታ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ማስላት አለበት። በዚህ ዓይነት የሚጫወቱት ጨዋታ በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች በልዩ ልዩ ስም ይገኛል።

እረኛው ዋሽንቱን ሲሠራም እንዲሁ ነው። ሸምበቆውን ይቆርጣል፤ 4 ቀዳዳ ይበሳል። የቀዳዳውን ርቀት በጣቱ ይለካል። ድምፁ ከተበላሸ ያንን ጥሎ ሌላ ይቆርጣል። ተሳስቶ እንደገና መሞከር የፈጠራ እናት ነው። ስለዚህ ልጅ ጭቃ ሲያቦካ ብናየው፣ «እጅህን አታቆሽሽ!» ብለን ከመቆጣታችን በፊት፣ «ምን እየሠራህ ነው?» ብለን እንጠይቀው። እጅ በውኃ ይታጠባል። የተሰበረ ልብ ግን በቀላሉ አይጠገንም።

መጨረሻው የጠፋው ተረት

አሁን ወደ ተረት እንለፍ። አያቴ እንዝርቷን እያሾረች ተረት ትነግረን ነበር። «ተረት ተረት» ስትል፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን። ከተረቶቿ አንዱ ስለ ጅብና ስለ ጭላዳዎች ነው። በእኛ አገር ጭላዳ በብዛት አለ። ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ይውልና ማታ ገደል ላይ ያድራል። ተረቱ እንዲህ ይላል።

አንድ ጅብ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጭላዳዎች ገደል መጣ። «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» አለ። ሽማግሌው ጭላዳ አሰበና፣ «መልካም፤ ወደ እኛ የምትወርድበት ጠፍር እንሰጥሃለን። ነገር ግን ሌሊቱን ከአጠገብህ አስቀምጠው። ሳትነካው ካደርህ ጠዋት ትወርዳለህ» አለው። መቼም ጅብ ቆዳ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው እሱ አይደል? ጅቡ ጠፍሩን አጠገቡ አስቀምጦ ቁጭ አለ። ሌሊቱ ሲጋመስም...

እኔ ሁልጊዜ እዚህ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጠዋት «ከዚያስ እምዬ?» ስላት፣ «ማታ እነግርሃለሁ» ትለኝ ነበር። ማታም እንደገና እተኛለሁ። አያቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ኋላ ዘመዶቼን ብጠይቅ፣ መጨረሻውን የሚያስታውስ ሰው አጣሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። እኔ ግን ቆጥሬ ነበር። ደብተርና እርሳስ ነበረኝ። አንድ ምሽት ብጽፈው ኖሮ ዛሬ ሙሉውን በነገርኋችሁ።

ይህንን ግማሽ ተረት ለተማሪዎቼ ነገርኋቸውና «ጨርሱልኝ» አልኋቸው። አንዱ ልጅ ጅቡ ጠፍሩን ሌሊት በላው፤ ጠዋት ሲጠይቁት «ነፋስ ወሰደው» አለ ብሎ ጨረሰው። ስፌት የምትሰፋዋ ልጅ ግን ሌላ አመጣች። ጅቡ ራሱን ስለሚያውቅ ጠፍሩን ከድንጋይ ሥር ቀበረው። እንቅልፍ ሳይወስደው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አደረ። ሽማግሌውም ጭላዳ «ሆዱን የሚገዛ እንግዳ ነው፤ ይውረድ» አለ። ያች አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት ይህን የተናገረችው!

ተረት ለልጅ የሚሰጠው ጥቅም ይኸው ነው። መጀመሪያና መጨረሻን አያይዞ መያዝን ያስተምረዋል። «ቢሆንስ?» ብሎ ማሰብን ያለማምደዋል። አዲስ ቃልም ይጨምርለታል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ከራሱ አውጥቶ የጠየቀኝን ልንገራችሁ። «እንቆቅልሽ! ዓይን የላት፣ እጅ የላት፣ እየወጋች ቤት ትሠራለች።» መልሱን አጥቼ አገር ሰጠሁት። ወስፌ ናት! መርፌ ዓይን አላት፤ ወስፌ ግን የላትም።

ሥራን መናቅ

ታዲያ ይህን ያህል ዕውቀት በቤታችን ካለ፣ ለምን ዋጋ ሳንሰጠው ቆየን? አንዱ ምክንያት ንቀት ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር። በዚያ ዐዋጅ ላይ፣ ከሚሰደቡት ሰዎች መካከል የሚጽፍ ሰው እንኳ ተቆጥሯል። ልጅ የሚናቅ ሥራ አይወድም። የማይወደውን ሥራ ደግሞ አያሻሽለውም።

መጽሐፍ ራሱ የእጅ ሥራ መሆኑን አንርሳ። የጥንት መጻሕፍታችን የተጻፉት በብራና ላይ ነው። ብራናው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆ የተሠራ ነው። ብዕሩ ከመቃ ተቀርጾ፣ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ተቀምሞ ነው። እጅ ባይሠራ ኖሮ፣ የሚነበብም ነገር ባልኖረ ነበር።

ተረት ተናጋሪም ሊከበር ይገባዋል። አባባ ተስፋዬ ብለን የምንጠራቸው ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ተናግረዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አዝኗል። የተናገሩትም ተረት እኛ ምድጃ ዳር የምንሰማውን ዓይነት ነበር።

ምን እናድርግ?

ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ 15 ደረሰ። በዚያ ጊዜ ብዙ አያቶች ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው ጻፉ። የብዙዎቹ ተረት ግን ሳይጻፍ ቀረ። እናንተ ይህንን ማረም ትችላላችሁ። የሚከተሉትን ሞክሩ።

1ኛ. በሳምንት አንድ ምሽት የተረት ምሽት አድርጉ። ከተቻለ ትልቁ ይናገር፤ ልጁ ይጨርስ።

2ኛ. ከቤተሰቡ በዕድሜ ከሚበልጠው ሰው አንድ ተረት ተቀብላችሁ ጻፉ። አጻጻፉ ቢሳሳት ግድ የለም፤ ኋላ ይታረማል። የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ከታች ጻፉ።

3ኛ. ከልጃችሁ ጋር አንድ ነገር ሥሩ። የጨርቅ ኳስ፣ የጭቃ በሬ ወይም ትንሽ ሰፌድ ሊሆን ይችላል። እናንተ ጨርሳችሁ አትስጡት፤ እሱም ይሳሳት።

4ኛ. ፊደል ያስቸገራችሁ እንደሆነ በጭቃ ወይም በስንደዶ ቅርጹን ሥሩት። እጅ የሠራውን ዓይን አይረሳም።

5ኛ. ልጃችሁ የሠራውን ነገር ቤት ውስጥ በሚታይ ቦታ አስቀምጡለት።

በቡድን ስታነቡ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችሁ እየጠፋ ያለ የእጅ ሥራ የትኛው ነው? አሁንስ ማን ያውቀዋል?

ለ. ልጅ ሳላችሁ የሠራችሁትን መጫወቻ ንገሩን። ከምን ሠራችሁት?

ሐ. የጅቡን ተረት እናንተ እንዴት ትጨርሱታላችሁ?

እንግዲህ ውድ አድማጮች፣ የዛሬው ጊዜያችን እዚህ ላይ አበቃ። የእኔ ተረት መጨረሻው ጠፍቷል። የእናንተ አያቶች በሕይወት ካሉ፣ ዛሬ ማታ እርሳሳችሁን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። እንቅልፍም እንዳይወስዳችሁ።

ደኅና ሁኑ።