በሆላንድ ከተሞች ከወዳጃችን ጋር

በ2015 ዓ.ም. ከትንሣኤ በዓል በኋላ ለሥራ ጉዳይ ወደ ብራስልስ ሄደን ነበርና፣ ጥቂት የዕረፍት ቀናት ስለ ተረፉን በሆላንድ በትምህርት ላይ የሚገኘውን ወዳጃችንን ለማየት በባቡር ወደ ደልፍት ከተማ ተጓዝን። በሻንጣችን ውስጥ እናቱ ከድሬዳዋ የላኩለት ሽሮና በርበሬ ነበረ። ከዚህም ሌላ በቃል የላኩት ጥያቄ ነበረ፤ እርሱም «ትመጣለህ ወይስ እዚያው ትቀራለህ? ቍርጡን ንገረኝ» የሚል ነው። ሽሮውን ማስረከብ ቀላል ነው። ጥያቄውን ግን በምን አኳኋን እንደምናቀርበው መንገዱን ሁሉ ስናስብ ሄድን።

ወዳጃችን በድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ የውሃ ምሕንድስና ተምሮ ጥቂት ዓመታት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ወጣት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች በፈጀ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ደቻቱ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ መሆኑን ከተማውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ወዳጃችን ስለዚያ ሌሊት አያወራም፤ እኛም ጠይቀነው አናውቅም። ይሁን እንጂ ወደ ደልፍት የውሃ ትምህርት ተቋም ምን እንደ መራው መገመት አያስቸግርም። ተቋሙ የተመሠረተው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ሲሆን፣ ይህም በየካቲት 1953 ባሕሩ ግድቡን ጥሶ በሆላንድ 1,836 ሰዎች ካለቁ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የአገሩ ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከባቡር ጣቢያው ወጥተን ገና መቶ እርምጃ ሳንሄድ ከኋላችን ደወል እየደጋገመ ተጮኸብን። ለካስ በቀይ ጡብ የተነጠፈው ውብ መንገድ የብስክሌት ኖሯል! ወዳጃችን እጃችንን ይዞ ጐትቶ ካወጣን በኋላ «እኔም ስመጣ ሳምንቱን ሙሉ ተሰድቤአለሁ» እያለ ሣቀብን።

ደልፍት በቦዮች የተከፋፈለች ትንሽ ከተማ ናት። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን 75 ሜትር ቁመት ያለው የደወል ግንብ አለው፤ ግንቡም ሁለት ሜትር ያህል አዘንብሎ ቆሟል። ምክንያቱ ከመሠረቱ የከፊሉ ሥፍራ ቀድሞ ቦይ የነበረና ኋላ በአፈር የተሞላ መሆኑ ነው። በውስጡ በ1675 የሞተው ሠዓሊ ፈርሜር ተቀብሯል። ከዚያም ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደን 376 ደረጃዎች ወጣን። ስለ መውረዱ ባንናገር ይሻለናል፤ ጕልበታችን እስከ ማታ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ነበርና።

የኦራንዥ መስፍን ዊልያም በስፓኝ ንጉሥ ላይ የተነሣውን ሕዝብ ሲመራ የኖረበትና በሐምሌ 10 ቀን 1584 በጥይት የተገደለበት ቤትም እዚያው ነው። በግድግዳው ላይ ያሉት የጥይት ቀዳዳዎች በመስተዋት ተሸፍነው ይታያሉ። የትምህርት ቤት ልጆች እየተጋፉ ሲያዩ ቆይተን፣ ተራ ደርሶን እኛም አየን።

ነገር ግን ወዳጃችን ለማሳየት የቸኰለው ሌላ ቤት ነበር። ከዚያው ብዙ ሳይርቅ፣ በቦዩ ዳር፣ ፊቱ በቀለም ያጌጡ ጋሻዎች የተደረደሩበት የድንጋይ ቤት ቆሟል። ይህ ከ1645 ጀምሮ የደልፍላንድ የውሃ ጉባኤ መቀመጫ የሆነ ቤት ነው። ጉባኤው ራሱ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያለ ነው። የአካባቢውን ግድብ፣ ቦይና የውሃ መሳቢያ ሁሉ የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ በአገሩም 21 እንዲህ ያሉ ጉባኤዎች አሉ። ነዋሪው ለእነርሱ የተለየ ግብር ይከፍላል፤ አባሎቻቸውንም በየአራት ዓመቱ ይመርጣል። ወዳጃችን ስልኩን አውጥቶ ስሙ የተጻፈበትን የምርጫ ካርድ ፎቶግራፍ አሳየን። መጋቢት 15 ቀን 2023 ምርጫ ተደርጎ ነበርና፣ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም እንዲመርጥ ሕጉ ስለሚፈቅድ እርሱም ድምፁን ሰጥቷል።

«ለፓርላማ መምረጥ አልችልም፤ ለውሃው ግን መረጥሁ» አለን። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ያየነው ኩራት የእናቱን ጥያቄ ይበልጥ አከበደብን። እንዲህ በሚገባ የተቀበለው አገር ቢያስቀረው ምን ይገርማል?

በማግሥቱ በባቡር ወደ ላይደን ሄድን። ይህች ከተማ በ1574 በስፓኝ ጦር ተከብባ ሕዝቧ በራብና በበሽታ አልቋል። የሚረዳት ጦር በምድር መግባት ስላልቻለ ዊልያምና ሹማምንቱ ብዙ ትውልድ የደከመበትን ግድብ ቆርጠው ውሃው አገሩን እንዲያጥለቀልቅ አደረጉ። የገበሬው እርሻ ባሕር ሆነ። ሆኖም ውሃው ጥልቀት አጥቶ ጀልባዎቹ ለሳምንታት ባሉበት ቆሙ። በመጨረሻ ዐውሎ ነፋስ ውሃውን ወደ ከተማይቱ ገፋው፤ ከባቢው ጦር ሸሸ፤ ጥቅምት 3 ቀንም ጀልባዎቹ ዓሣና ዳቦ ይዘው ገቡ። ዛሬም በዚያ ቀን ለሕዝቡ ነጭ ዳቦና ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ይታደላል። እኛ ታሪኩን ስናደንቅ ወዳጃችን ዝም ብሎ ቆየና «ግድቡን ቍረጡ ብሎ ገበሬውን የጠየቀው ማን ይሆን?» አለ። ስለዚያ ነገር በዐደባባዩ ሐውልት አላየንም።

የላይደን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በሚቀጥለው ዓመት በ1575 ነው። ለተማሪ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በ1583 ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን ባሕረ ሐሳብ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው ስካሊጀር በ1593 መጥቶ እስኪሞት ድረስ በዚህች ከተማ ኖሯል። በ1640ዎቹም ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ወጣት እዚሁ ተምሯል፤ ኋላም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በሮማ ተገናኝቶ ግዕዝና አማርኛ ተማረ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመ ይኸው ሰው ነው። በቦዩ ዳር እንደ ልባቸው የሚዘዋወሩትን ተማሪዎች ስናይ ከእነርሱ መካከል ደግሞ ለየትኛው አገር ቋንቋ የሚደክም ይኖር ይሆን ስንል አሰብን።

ከላይደን ወደ ሃውዳ በሚወስደው ባቡር ውስጥ፣ ሳንጠይቀው፣ ወዳጃችን ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ። አንድ የምሕንድስና ድርጅት ሲመረቅ ሥራ ሊሰጠው የጻፈለት ነው። ደመወዙን ባነበብን ጊዜ የእኛን በልባችን አስልተን ዝም አልን።

«አገሬ ስመለስ የሚገጥመኝን አውቀዋለሁ» አለን። «ከወንዙ ላይኛው በኩል ጎርፍ የሚጠቍም መለኪያ ተክለን ነበር። በምረቃው ዕለት ንግግር ተደረገ፤ ሪባን ተቈረጠ። በዓመቱ ባትሪው አለቀ። ባትሪ መለወጥ የማን ሥራ እንደ ሆነ ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። እዚህ ብቀር ቢያንስ የሠራሁት ነገር ይሠራል።»

ምን እንበለው? በቢሮ የምንውል ሰዎች ነንና እንዲህ ያለውን ደብዳቤ እናውቀዋለን፤ መልስ ሳንጽፍ ያስቀመጥንም እንኖራለን።

ሃውዳ በስሟ የሚጠራውን ፎርማጆ ለዓለም ያስተዋወቀች ከተማ ናት፤ በዐደባባይዋም በ1668 የተሠራ የፎርማጆ መመዘኛ ቤት አለ። የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያኗ 123 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በአገሩ ረጅሙ ነው። ባለ ቀለም መስኮቶቹ ዝነኞች ናቸው። ከነዚያም አንዱ በ1603 ከደልፍት ከተማ የተሰጠ ሲሆን የላይደንን ነፃ መውጣት ያሳያል። የሁለት ቀን ጉዟችንን በአንድ መስተዋት ላይ ተሥሎ ስናገኘው እጅግ ተደሰትን።

ከተማይቱ ግን ትሰምጣለች። ምድሯ የበሰበሰ ተክል ተከማችቶ የተፈጠረ ለስላሳ ረግረግ ስለ ሆነ በየዓመቱ በሚሊ ሜትር እየቈጠረ ዝቅ ይላል። አንዳንዱ አሮጌ ቤት የቆመው በጭቃው ውስጥ በተተከለ የእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል፤ አየር ሲነካው ግን ይበሰብሳል። ምሰሶ የሌለው ቤት ደግሞ ከመሬቱ ጋር አብሮ ስለሚወርድ ውሃው ወደ ወለሉ ይቀርባል። እንግዲህ ውሃው ዝቅ ቢል አንዱ ጐረቤት ይጐዳል፤ ከፍ ቢል ሌላው።

አንዲት አሮጊት ደጃፋቸውን ሲያጥቡ አገኘናቸውና ወዳጃችን በጀማሪ ደችኛው አነጋገራቸው። ምድር ቤታቸው ውሃ ያዝላል። ማዶ ያሉት ጐረቤታቸው ግን ውሃው እንዳይቀንስ ይከራከራሉ። «ሠላሳ ዓመት በስብሰባ ተጨቃጭቀናል» ብለው ሣቁ፤ «ቡና ግን አብረን ነው የምንጠጣው።» ወዳጃችን ከደጃቸው በታች፣ በቦዩ ግንብ ላይ የተለጠፈውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ጐንበስ ብሎ አነበበና ቍጥሩን በማስታወሻው ጻፈ። ለምን እንደሚጻፍ አልጠየቅነውም።

በመጨረሻው ቀን እስከ ሮተርዳም ሸኘን። ባቡሩ ከሃውዳ እንደ ወጣ ላም የሚግጥበት ለጥ ያለ መስክ ሲገጥመን «ከዚህ አጠገብ ያለው ሥፍራ የአገሩ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ከባሕር ወለል 6 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር በታች» አለን። ያን ጊዜ የእናቱን ጥያቄ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳንጨምር ነገርነው።

ብዙ አላሰበም። «እመጣለሁ በሏት» አለ። «ቀኑን ግን አትንገሯት፤ ቀን ከሰማች በግ ትገዛለች።»

ስለ ደብዳቤውም ጠየቅነው፤ ጠዋት መልስ እንደ ጻፈ ነገረን። ከዚያም ከመለኪያው ጥቂት ራቅ ብሎ ሱቅ ያላቸው አንዲት ሴት እንዳሉ፣ ባትሪውን ለማየት በወር ጥቂት ብር ቢከፈላቸው ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደሚሻል፣ ቍልፉም በእጃቸው ቢሆን ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ጀመረ፤ ሮተርዳም እስክንደርስም አላቋረጠም።