ሥራ ያቆሙ የጭስ ማውጫዎችና ሙቀት መላሽ የአየር ማናፈሻ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901 እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ከተሞች ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩት የጡብ ቤቶች በአብዛኛው ክፍሎቻቸው የድንጋይ ከሰል ምድጃ ስለነበራቸው፣ ከየምድጃው እስከ ጣሪያው ጫፍ የሚወጣ የጭስ ማውጫ በግድግዳቸው ውስጥ ተሠርቶላቸዋል። በ1952 ለንደንን ለቀናት የሸፈነው ገዳይ ጭስና ጭጋግ ለ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ ምክንያት ሲሆን፣ በኋላም የተፈጥሮ ጋዝና ማዕከላዊ ማሞቂያ በየቤቱ ሲስፋፉ፣ አብዛኞቹ ማውጫዎች ሥራ አቁመው ባዶ ቀሩ። ዛሬ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለሙቀት መላሽ የአየር ማናፈሻ ቱቦዎች መተላለፊያ እየሆኑ ነው።

ይህ መሣሪያ በአንዱ ማራገቢያ ከማዕድ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የታመቀውን እርጥብ አየር እየሳበ ያስወጣል፤ በሌላው ደግሞ ከውጭ ንጹሕ አየር በማጣሪያ አሳልፎ ወደ መኝታና ወደ ሳሎን ያስገባል። ሁለቱ አየሮች ሳይቀላቀሉ የሚተላለፉበት የሙቀት መለዋወጫ፣ ወጪው አየር የያዘውን ሙቀት በስስ ግድግዳዎቹ በኩል ለገቢው ያቀብላል። ስለዚህ የቤቱ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የውጩም 0 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆንበት ጊዜ፣ 85 በመቶ ሙቀት የሚመልስ መሣሪያ ገቢውን አየር ወደ 17 ዲግሪ ያደርሰዋል።

በአሮጌ ቤት ውስጥ ዋናው ችግር መሣሪያው ሳይሆን የቱቦው መንገድ ነው፤ ወለልና ኮርኒስ መሸንቆር ጌጠኛውን የኖራ ልስን ያበላሻልና። የጭስ ማውጫው ግን ከታችኛው ፎቅ እስከ ጣሪያው ሥር የሚደርስ የተዘጋጀ መንገድ ነው፤ በአብዛኛው ጎኑ ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን ከአንድ በላይ ተጣጣፊ ቱቦዎች ሊይዝ ይችላል። ይሁን እንጂ የላይኛውን ፎቅ ምድጃ ለማለፍ ሲል ስለሚታጠፍ፣ አስቀድሞ ተጠርጎ በካሜራ መመርመር አለበት።

የጭስ ማውጫው ራሱ የአየር ቱቦ ሆኖ ማገልገል ፈጽሞ አይገባውም። በጡቡ ውስጥ የሰረገው ጥላሸት ሽታ ያመጣል፤ የመጋጠሚያው ኖራም ስለሚሰነጠቅ አየር ያሾልካል። በመሆኑም አየሩ መተላለፍ ያለበት መጋጠሚያዎቹ በሚገባ በታሸጉ ቱቦዎች ነው። ጡቡ እንዳይረጥብ የማውጫው ጫፍ ዝናብ የማያስገባ፣ ጥቂት አየር ግን የሚያሳልፍ ክዳን ይደረግለታል፤ በክፍሉ በኩል ያለው አፍ ግን ሙሉ በሙሉ ይታሸጋል። በዚህ ሁኔታ ውስጡ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሞቃቱ አየር ያለው እርጥበት በቱቦው ውስጥ ወደ ውኃነት እንዳይለወጥ ቱቦው ሙቀት በሚከላከል ሽፋን መጠቅለል ይኖርበታል።

የደኅንነቱ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ምድጃ ወይም ማሞቂያ የሚጠቀምበት ማውጫ ለዚህ ሥራ ከዋለ፣ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ወደ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ የንጹሑ አየር መግቢያም ከጎረቤት ጭስና ከራሱ ቤት ወጪ አየር መራቅ አለበት። ማውጫው በሁለት ቤቶች የጋራ ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ፣ በእንግሊዝና በዌልስ የ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ እንደ ሥራው ዓይነት ለጎረቤት አስቀድሞ ማስታወቅን ሊያስገድድ ይችላል።

በመስኮትና በወለል ክፍተቶች የሚገባው ነፋስ በሙቀት መለዋወጫው ስለማያልፍ፣ እነዚህ ክፍተቶች ሳይደፈኑ የተተከለ መሣሪያ የሚያድነው ሙቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ቤቱን ማሸግ፣ ቀጥሎ ማውጫውን መመርመርና መጥረግ፣ በመጨረሻም ቱቦውን መዘርጋት ነው፤ ይህ ከተጠበቀ አሮጌው ቤት ልስኑ ሳይፈርስ ከሻጋታም ከብክነትም ይድናል።