የጤና መድን፦ አሠሪ የሌለውን አርሶ አደር ማን ያስመዘግበዋል?

የኢትዮጵያ የጤና መድን ሁለት ዘርፍ አለው። አንደኛው ደመወዝተኞችንና ጡረተኞችን የሚመለከተው ማኅበራዊ ጤና መድን ነው። ሁለተኛው አርሶ አደሮችንና በግል ሥራ የሚተዳደሩ የከተማ ነዋሪዎችን የሚያቅፈው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ሁለቱም ያለ ትክክለኛ የአባላት መዝገብ ሊቆሙ አይችሉም።

አዋጅ ቁጥር 690/2002 የደመወዝተኞችን የምዝገባ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አሠሪው ሠራተኞቹን ያስመዘግባል፤ መዋጮውን ከደመወዝ ቀንሶ፣ የራሱን ድርሻ አክሎ ገቢ ያደርጋል። በደንብ የተወሰነው መዋጮ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ነው። ሆኖም የትግበራው ጊዜ በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

ማኅበረሰብ አቀፉ መድን በአንጻሩ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሯል። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ቀዳሚዎቹ ነበሩ። በዚህኛው መድን ስለ አባሉ የሚያስመዘግብ አሠሪ የለም። የቤተሰቡ ኃላፊ ራሱ በየዓመቱ መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ማሳደስ ይኖርበታል።

እድሳቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤና ተቋሙ አባሉን ካከመ በኋላ ወጪውን የሚጠይቀው ከመድኑ ቋት ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር ወደ ጎንደር ሆስፒታል የተላከ ታካሚ የሪፈር ወረቀት ቢይዝም፣ መታወቂያው ካልታደሰ የሕክምናው ወጪ ከራሱ ኪስ ይወጣል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ በሬ እስከ መሸጥ ያደርሳል።

በእድሳት ወቅት የቤተሰቡ ዝርዝርም መስተካከል አለበት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ይመዘገባል፤ በሞት የተለየ ስሙ ይሰረዛል፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት ያለፈ ልጅ በቤተሰቡ መድን ለመቀጠል ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል። ምዝገባው በቤተሰብ የሆነው፣ የታመመው ብቻ ተመርጦ ከተመዘገበ ቋቱ ስለሚራቆት ነው። መክፈል የማይችሉ ድሆች ደግሞ በቀበሌያቸው ነዋሪዎች ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈናል።

እድሳቱ በአብዛኛው ከመኸር አዝመራ መሰብሰብ ጋር እንዲገጥም የሚደረገው በዚያ ጊዜ ገበሬው እጅ ገንዘብ ስለሚገኝ ነው። ያን ጊዜ የተዘነጋ መታወቂያ ጉዳቱ የሚታወቀው በክረምት፣ ጎተራው ጎድሎ ሕመም ሲመጣ ነው። ስለዚህ አባላት እህል ከመሸጣቸው አስቀድሞ የመታወቂያቸውን ማብቂያ ቀን ቢያዩና የቤተሰባቸውን ዝርዝር ይዘው ወደ ቀበሌያቸው ቢሄዱ ይበጃቸዋል።