መብራት ባልገባበት ቤት ፍሪጅ



የዐረፋ ኡድሒያ ለጎረቤትና ለሚስኪን ተከፋፍሎ ቤት የቀረው ሥጋ፣ መብራት ባልገባበት ቆላ አገር ስንት ሰዓት ይቆያል? እናቶቻችን ዘልዝለው ቋንጣ ያደርጉታል፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ወተቱስ? ከኢፍጣር ተርፎ ለሱሑር የሚቀመጠው ሾርባስ?

የበሰለ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። «አፍልቼው እበላዋለሁ» የሚለው የብዙዎቻችን መልስም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግቡ ውስጥ የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋምና።

በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፍሪጅ አዲስ ነገር አይደለም። የቀድሞዎቹ ችግር ባትሪው ነበር። በሙቀት ቶሎ ይደክማል፣ መተኪያው ውድ ነው፤ ባትሪው ሲሞት ፍሪጁ ቁም ሣጥን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ግሪንፒስና ሌሎችም «ሶላርቺል» የተባለውን ፕሮጀክት የጀመሩት ይህንን ለመፍታት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለክትባት ማስቀመጫ ሲሆን በሴኔጋል፣ በኢንዶኔዥያና በኩባ ተሞክሯል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቀን የሶላር ሰሌዳው ኮምፕሬሰሩን በቀጥታ ያንቀሳቅሳል፣ ፍሪጁ ውስጥ የተቀመጠው ውኃ በረዶ ይሆናል። ሌሊትና በደመና ቀን የሚያቀዘቅዘው ያ በረዶ ነው። ግድግዳውም ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ በወፍራሙ ተሸፍኗል።

ሌላው ጉዳይ ጋዙ ነው። የድሮ ፍሪጆች ሲኤፍሲ የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ቀስ በቀስ እንዲቀር ተደረገ። የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም፣ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ይከፋል። በ2016 የኪጋሊው ማሻሻያ እንዲህ ያሉ ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ የወሰነው ለዚህ ነው። ሶላርቺል የሚጠቀመው አይሶቡቴን፣ ማለትም አር 600ኤ፣ ከሁለቱም ጉዳት የራቀ ነው ማለት ይቻላል።

አይሶቡቴን ግን እንደ ሲሊንደሩ የማብሰያ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። በቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት አሥር ግራም ስለሆነ ሊያስፈራን አይገባም። የሚያስፈራው ያልሠለጠነ ጠጋኝ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሲበላሽም ሌላ ዓይነት ጋዝ እንዳይሞላላችሁ ተጠንቀቁ።

ዋጋው መጀመሪያ ላይ ከበድ ይላል። ለአንድ ቤተሰብ ከከበደ ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ሊጋሩት ይችላሉ። ሰሌዳው ጥላ እንዳያርፍበት፣ አቧራው እንዲጠረግ፣ ትኩስ ድስትም ወደ ፍሪጁ እንዳይገባ አደራ። ብዙ ወጥ ሲኖር በትናንሽ ዕቃ ቢከፋፈል ቶሎ ይበርዳል።

በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶውን ግን አይንካ። አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም፣ ይጣላል።