ልጃችሁ በሩን ድርግም ሲያደርግ

ትናንት ሲስቅ ያመሸው የ13 ዓመት ልጃችሁ ዛሬ «ሸሚዜ ለምን አልታጠበም?» ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ይዘጋል። ጥጋብ ብቻ አይምሰላችሁ። በጉርምስና ወቅት ስሜትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል፤ የሚገታው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና በመብሰል ላይ ነው። ስለዚህ በንዴቱ ሰዓት ምክር አይገባውም። ሲበርድለት «ምን ተሰማህ?» በሉት፤ «ተናደድኩ»፣ «አፈርኩ» ብሎ ስሜቱን በስሙ መጥራት ይልመድ። እንቅልፍም አይጓደልበት፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልገዋል።

ይበልጡን የሚማረው ግን ከእናንተው ነው። ስትጣሉ ከጓዳ ሆኖ ይሰማል፤ የምትታረቁት ግን ማታ በራችሁን ዘግታችሁ ነው (ሐሰት ነው?)። አንዳንዴ በፊቱ ይቅር ተባባሉ።

ብስጭቱ ወይም ትካዜው ሁለት ሳምንት ካለፈው ከጤና ባለሙያ ጋር አገናኙት፤ ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ ግን ሳታሳድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።