ለጠላ ጠማቂ የሚስማማው ማፍያ የትኛው ነው?

በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያ፣ የሠርግ፣ የተዝካርና የማኅበር ወራት ሲቃረብ ወደ ባለሱቁ የሚመጣ ደንበኛ «ወንድሜ፣ ለጠላ የሚሆን ትልቅ ማፍያ አለህ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ባለሱቁም ሆነ ዕቃውን ከውጭ አገር የሚያስመጣው ነጋዴ ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ሳያስብ መልስ ቢሰጥ፣ ደንበኛው ይከስራል፤ ዕቃውም ከመደርደሪያ ላይ አይነሣም።

በመጀመሪያ የቃሉን ነገር ማጥራት ይገባል። በአገራችን ገበያ «ቦይለር» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ለገላ መታጠቢያ የሚሆነውን የውሃ ማሞቂያ ነው። ያ ዕቃ ለመጠመቂያ አልተሠራም፤ ከውስጡ ጽዳት የማይደርስበት በመሆኑም ለመጠጥ ጉዳይ ሊሸጥ አይገባውም። በሌላ አገር ቢራን በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች የሚገዙት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አፉ ሰፊ፣ ከታቹ ቧንቧ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሊትር ገደማ የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት ነው። እነርሱ የብቅሉን ጭማቂ ካጠለሉ በኋላ ሆፕ የተባለውን መራራ አበባ ጨምረው አንድ ሰዓት ያህል ያፈሉታል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ እርሾ ይጨምሩበታል።

የጠላ አሠራር ከዚህ ይለያል። የጠላ እሳት የሚነድደው በምጣዱ ሥር ነው። እህሉ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ ዱቄቱ በምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል፤ የጠላው መልክና ጣዕም የሚወሰነውም እዚያ ነው። ጥንስሱ ከተጣለ በኋላ ግን የሚፈላው ያለ እሳት፣ ከጌሾውና ከጋኑ በሚገኘው እርሾ ነው። ስለዚህ ድፍድፉን በሙሉ በማፍያ አስገብቶ ማፍላት እርሾውን መግደል ነው። ትኩስ ውሃም ቢሆን ለእጅ ለብ እስኪል ሳይቀዘቅዝ በጥንስሱ ላይ ቢፈስስ ጉዳቱ ያው ነው። ልምድ ያላቸው እናቶች ይህን ያውቃሉ፤ ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ግን ዘወትር ያውቃል ማለት አይቻልም።

ታዲያ ማፍያው ለምን ይፈለጋል? ንጹሕ ውሃ አፍልቶ ለማቀዝቀዝ፣ በአንዳንድ ቤት ጌሾውን ለመቀቀል፣ ከዚህም በቀር ዕቃ ለማጠብ ነው። ለዚህ ሥራ ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳን ያለውና እጀታው የጠነከረ ድስት ይበቃል። የኤሌክትሪኩን ማፍያ ለሚያስብ ነጋዴ አንድ ስሌት እናቅርብ። 30 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ሁለት ኪሎዋት ያለው ማሞቂያ፣ ሙቀት ሳይባክን እንኳ፣ ከ1 ሰዓት ከሩብ በላይ ይፈጃል፤ ከ9 አምፔር በላይም ይስባል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ሸክም ነው። ውሃው በደጋማው አገር በ100 ዲግሪ እንደማይፈላም ልብ ይሏል፤ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፣ ማሞቂያው 100 ዲግሪ አላሳየም ብሎ ዕቃውን የሚመልስ ደንበኛ ቢመጣ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም።

የብረቱ ዓይነት ከመጠኑ ይበልጣል። ጠላ ኮምጣጣ ነው። ውሃ ለማፍላት የአሉሚኒየም ድስት ይሁን ቢባል እንኳ፣ ጠላን በውስጡ ማሳደር ብረቱን ያስበላል፤ ጣዕሙንም ያበላሻል። ዚንክ የተቀባ ባልዲና በርሜል ከዚህ ይብሳል፤ ኮምጣጣ መጠጥ ዚንኩን ያሟሟዋል፤ የጠጣውንም ሰው ያስታውከዋል። በዋጋ ከፍ ቢልም የማይዝግ ብረት የተሻለ ነው።

ይሁንና ትልቁ አደጋ ያለው ከማፍያው ይልቅ በማጠራቀሚያው ላይ ነው። በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ የታጠነው ጋን በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ መጥቷል፤ ጋን ከባድና ተሰባሪ ነውና ይህ አያስገርምም። ነገር ግን አሮጌ በርሜል አስቀድሞ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ አጥቦ መሸጥ የደንበኛን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ የተባይ መድኃኒት ወይም የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት ፕላስቲክ የጠጣውን በሳሙና አይለቅም። በበርሜሉ ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው 2 ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ይናገራል፤ ለምግብ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳየው የብርጭቆና የሹካ ምልክት ነው። ምልክቱም ቢሆን ለአዲስ ዕቃ እንጂ ታሪኩ ለማይታወቅ አሮጌ ዕቃ ዋስትና አይሆንም።

ሻጩ ሲያስረክብ አንድ ቃል ቢጨምር ደግሞ ይበጃል። የጋን አፍ በጭቃ ሲመረግ ጋዙ ቀስ እያለ መውጫ አያጣም፤ ክዳኑ በጥርስ የሚጠብቅ በርሜል ግን ጋዙን አፍኖ ያብጣል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ጠላው በሚፈላበት ወራት ክዳኑ ጥቂት ላላ ይበል።

ከመርካቶ ዕቃ የሚያዝዝ የአርብ ገበያ ባለሱቅ በማዘዣው ላይ «ማፍያ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ፤ የሊትሩን ልክ፣ የብረቱን ዓይነት፣ የክዳኑን ሁኔታ፣ በርሜል ከሆነም አዲስና ለምግብ የተሠራ መሆኑን ዘርዝሮ ይጻፍ። ዕቃው ሲደርስም ከመኪና ሳይራገፍ በፊት ከማዘዣው ጋር ያመሳክረው።