ዳኛ የሌለው ጨዋታ፤ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የአልቲሜት ቡድኖች በአገር ሻምፒዮና

ስለ ስፖርት ታሪክ ሲጻፍ የተለመደው ያሸነፉትን ቡድኖች ስምና ያገቡትን የግብ ብዛት መዘርዘር ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ለመዝገብ ያገለግላል እንጂ ለጥናት ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጽሑፍ የአንድ ቀጠና ቡድኖች በአንድ አዲስ ጨዋታ፣ በአገር ሻምፒዮና ላይ ያገኙትን ውጤት እንመለከታለን፤ ዋናው ዓላማችን ግን ከውጤቱ በስተ ጀርባ ያለውን አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ይኸውም፣ በሜዳ ላይ ዳኛ ሳይቆም ተጫዋቾቹ በራሳቸው ላይ የሚፈርዱበት ጨዋታ፣ ዋንጫው ታላቅ በሆነ ጊዜ ሕጉ ይጸናል ወይስ ይፈርሳል? የሚል ነው። ጨዋታው አልቲሜት ይባላል። ቀጠናው የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ ይልቁንም የኒው ዮርክና የቦስተን ከተሞች ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው ጠባይ

አልቲሜት የሚጫወቱት ፍሪዝቢ በሚባለው ክብ የፕላስቲክ ሳሕን ነው። በእያንዳንዱ ወገን ሰባት ሰዎች ይሰለፋሉ። የሜዳው ርዝመት 100 ሜትር፣ ወርዱ 37 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፍ የግብ ክልል አለ። ሳሕኑን የያዘ ሰው ሊሮጥ አይፈቀድለትም፤ በቆመበት እግሩን ተክሎ ለጓደኛው መወርወር አለበት። ጓደኛው በባላጋራው የግብ ክልል ውስጥ ሆኖ ቢቀልበው አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ሳሕኑ መሬት ቢወድቅ፣ ከሜዳ ቢወጣ፣ ወይም ተከላካዩ ቢነጥቀው ለሌላው ወገን ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ከሌሎቹ የኳስ ጨዋታዎች ብዙ አይለይም። ልዩነቱ በፍርዱ ላይ ነው። ወርዋሪው ሳሕኑን ይዞ ከ10 ሰከንድ በላይ መቆየት አይችልም፤ ነገር ግን ሰከንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቆጥረው ከፊቱ የቆመው ተከላካይ እንጂ ሰዓት የያዘ ዳኛ አይደለም። ተገፋሁ የሚል ሰው ራሱ «ጥፋት ነው» ብሎ ይናገራል። ገፍቷል የተባለውም ካመነ ፍርዱ እዚያው ያልቃል፤ ካላመነ ሁለቱ በአጭሩ ይነጋገራሉ፤ ሳይስማሙ ከቀሩ ሳሕኑ ወደ ወርዋሪው ተመልሶ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል። ሕጉ ይህን ሥርዓት «የጨዋታው መንፈስ» ይለዋል። በብርቱ መፎካከር የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም ፉክክሩ እርስ በርስ መከባበርን፣ ሕግን መጠበቅንና የጨዋታውን ደስታ ማጥፋት የለበትም ይላል።

አመጣጡ

የፍሪዝቢ ስም ራሱ የመጣው ከዚሁ ቀጠና ነው። በኮነቲከት ግዛት በብሪጅፖርት ከተማ ፍሪስቢ የሚባል የፓይ መጋገሪያ ቤት ነበር፤ የአካባቢው ተማሪዎች የፓይውን የቆርቆሮ ሳሕን እየወረወሩ ይጫወቱበት ነበር። ፍሬድ ሞሪሰን የተባለው ሰው የፈለሰፈውን የፕላስቲክ ሳሕን ዋም-ኦ የተባለው የመጫወቻ ፋብሪካ በ1957 ለገበያ አቀረበው፤ ያንኑ ዓመትም ፍሪዝቢ ብሎ ሰየመው።

አልቲሜት ግን የተፈጠረው በ1968 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በሜፕልውድ ከተማ በኮሎምቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ጆኤል ሲልቨር ሲሆን፣ እርሱም በኋላ ስመ ጥር የፊልም አዘጋጅ ሆኗል። ተማሪዎቹ በመኪና ማቆሚያ አደባባይ ላይ ማታ ማታ ይጫወቱ ነበር። ከዚያም ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲበተኑ ጨዋታውን ይዘው ሄዱ። ኅዳር 6 ቀን 1972 የራትገርስና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች ተጋጥመው ራትገርስ 29 ለ27 አሸነፈ፤ ይህም በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው ግጥሚያ ነው። በ1975 ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ ስምንት ቡድኖች የተካፈሉበት ውድድር ተደረገ፤ ባለ ድሉም ራትገርስ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ጨዋታው ከትምህርት ቤት ተወልዶ በትምህርት ቤት ያደገ መሆኑን ነው። ቦስተንና አካባቢዋ በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ብዛት የታወቁ ስለ ሆኑ፣ በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች አይጠፋም ነበር። የሰሜን ምሥራቁ ቀጠና ኃይል መሠረቱ ይህ ይመስለናል።

ወደ ሻምፒዮናው የሚወስደው መንገድ

በ1979 የአገር ሻምፒዮና በፔንስልቬንያ ግዛት በስቴት ኮሌጅ ከተማ ተደረገ፤ የኒው ጀርሲው ግላስቦሮ ኮሌጅ አሸነፈ። በዚያው ዓመት የአልቲሜት ተጫዋቾች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በ2010 ስሙን ለውጦ ዩኤስኤ አልቲሜት ተባለ። መጀመሪያ የተሰጠው ስም ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ጨዋታውን የሚመሩት ራሳቸው ተጫዋቾቹ መሆናቸውን ያመለክታልና።

አገሪቱ በቀጠናዎች ተከፋፈለች። አንድ ቡድን ለአገር ሻምፒዮና ለመድረስ አስቀድሞ በአካባቢው፣ ቀጥሎም በቀጠናው ውድድር ማለፍ ነበረበት። ለእያንዳንዱ ቀጠና የሚሰጠው ቦታ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀጠና ሁለትና ሦስት ኃያላን ቡድኖች ቢኖሩ ትግሉ የሚጀምረው ገና ከቤት ነው። ኒው ዮርክና ቦስተን በመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይራራቃሉ፤ የሁለቱም ከተሞች ቡድኖች በሰሜን ምሥራቅ ቀጠና ተመድበው ነበር። ስለዚህ በየመጸው ወራት በቀጠናው ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ካለፉም በአገር ሻምፒዮና ላይ እንደገና ሊፋጠጡ ይችላሉ።

ኒው ዮርክ

ከቀጠናው ቀድሞ የአገር ሻምፒዮን የሆነው የቦስተን ቡድን ነው፤ ሩድ ቦይስ ይባላል፤ ዓመቱም 1982 ነበር። ነገር ግን የቀጠናው ታላቅ ዘመን የጀመረው «ኒው ዮርክ፣ ኒው ዮርክ» የተባለው ቡድን በተነሣ ጊዜ ነው። ይህ ቡድን ከ1989 እስከ 1993 አምስት ዓመት በተከታታይ የአገሩን ዋንጫ ወሰደ። ከተጫዋቾቹ ይልቁንም ኬኒ ዶቢንስ በቁመቱ አጭር ሆኖ ሳለ በእልሁና በቅልጥፍናው ታውቋል፤ በኋላም ስሙ በአልቲሜት የክብር መዝገብ ገብቷል።

ጥያቄያችን መልኩን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። የኒው ዮርኩ ቡድን የሚጫወተው በብርቱ ነበር፤ ገላን ለገላ ከማጋጨት አይሸሽም፤ ለክርክርም ወደ ኋላ አይልም። ብዙ ተቃዋሚዎች ይህን የጨዋታውን መንፈስ የሚቃወም አድርገው ቆጠሩት። በሌላ ወገን ደግሞ ሕጉ እስከ ፈቀደው ድረስ በሙሉ ኃይል መታገል ነውር አይደለም፤ ባላጋራን የሚያከብር ሰው አያዝንለትም የሚል ሐሳብ አለ። እኛ እንደምናየው ክርክሩ ስለ አንድ ቡድን ጠባይ ብቻ አልነበረም። ጓደኛሞች በአደባባይ የፈጠሩት የክብር ሕግ፣ ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ዋንጫ የደከሙ ሰዎች እጅ ሲገባ ምን ይሆናል? የሚለው ጉዳይ ነበር።

ቦስተን

በቦስተን ጥሩ ተጫዋቾች አልጠፉም ነበር፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ ቡድኖች ተከፋፍለው ነበር። በ1994 ከነዚህ ቡድኖች የተሰባሰቡት ተጫዋቾች «ዴዝ ኦር ግሎሪ» የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ፤ ትርጓሜው «ሞት ወይም ክብር» ማለት ነው። ካንጋፋዎቹ አንዱ ስቲቭ ሙኒ ነበር። ቡድኑ በተቋቋመበት ዓመት አሸነፈ፤ እስከ 1999 ድረስም ስድስት ጊዜ በተከታታይ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። የኒው ዮርኩ አምስት ዓመት ሲጨመርበት፣ ከ1989 እስከ 1999 ለ11 ዓመት ዋንጫው ከአንዱ ቀጠና አልወጣም። ሴቶቹም ወደ ኋላ አልቀሩም፤ ሌዲ ጎዲቫ የተባለው የቦስተን ሴቶች ቡድን ደጋግሞ የአገር ሻምፒዮን ሆኗል።

የቦስተኖች ብልሃት በኃይል ብቻ ላይ የተመሠረተ አልነበረም። ከቡድኑ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ጂም ፓሪኔላ ከኤሪክ ዛስሎ ጋር ሆኖ በ2004 ስለ አልቲሜት ስልት መጽሐፍ አሳትሟል። ተጫዋቹ ልምዱን በመጽሐፍ አደራጅቶ ለሌሎች ማስተላለፉ፣ ቡድኑ ጨዋታውን እንደ ትምህርት ያጠናው እንደ ነበር ያስረዳል። በሌላ ቀጠና ያለ ወጣትም አንብቦ ሊማርበት ቻለ።

ከ2000 በኋላ

ዕውቀት ሲሠራጭ የበላይነት ይቀንሳል። በ2000 እና በ2001 ዋንጫው ወደ ካሊፎርንያው ኮንዶርስ ሄደ። ቀጥሎም የካናዳው የቫንኩቨር ቡድን ፊዩሪየስ ጆርጅ በ2002፣ በ2003 እና በ2005፣ የሲያትሉ ሶካይ በ2004፣ በ2006 እና በ2007 አሸነፉ። የሰሜን ምሥራቁ ቀጠና በወንዶች በኩል 17 ዓመት ጠበቀ። በ2008 የተቋቋመው የቦስተኑ አይረንሳይድ ለፍጻሜ ቀርቦ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሸንፎ ነበር፤ በ2016 ግን በኢሊኖይ ግዛት በሮክፎርድ የሳን ፍራንሲስኮውን ሪቮልቨር 14 ለ13 ረታ። በዚያው ዓመት ብሩት ስኳድ የተባለው የቦስተን ሴቶች ቡድን ደግሞ የሴቶቹን ዋንጫ አገኘ። በ2018 ፖኒ የሚባለው የኒው ዮርክ ቡድን አሸነፈ፤ ለከተማይቱም ከ25 ዓመት በኋላ የተገኘ የመጀመሪያ የወንዶች ዋንጫ ሆነ።

14 ለ13 የሆነ ፍጻሜ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። የመጨረሻዋ ነጥብ ከፊት አለች፤ የዓመታት ድካም በአንድ ውርወራ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህ ሰዓት የተገፋ ሰው «ተገፋሁ» ማለት፣ የገፋም «አዎን ገፍቻለሁ» ማለት ይጠበቅበታል። የሕጉ ፈተና በሰላሙ ቀን ሳይሆን በዚህች ደቂቃ ነው።

ታዛቢው

ለዚህ ፈተና የተገኘው መልስ ታዛቢ የሚባለው ሰው ነው። በአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች ላይ ታዛቢ በሜዳው ዳር ይቆማል፤ ሳሕኑ መሥመር ማለፉን፣ ነጥብ መሆኑንና የጊዜውን ወሰን በራሱ ሥልጣን ይናገራል። በጥፋት ጉዳይ ግን አይቀድምም። መጀመሪያ ተጫዋቾቹ ይነጋገራሉ፤ ሳይስማሙ ቀርተው ጉዳዩን ወደ እርሱ ሲያቀርቡ ብቻ ይፈርዳል፤ ፍርዱም የጸና ነው። ይህ ሥርዓት ባገራችን በጥንት ዘመን የነበረውን የመንገድ ዳኛ ያስታውሰናል፤ ሁለት ተከራካሪዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ አላፊውን አስቁመው ፍረደን ይሉት ነበር። ዳኛው የሚመጣው ባለጉዳዮቹ ሲጠሩት ነው።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። በ2012 የተጀመረው የአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ እንደ ሌሎቹ ስፖርቶች ፊሽካ የሚነፉ ዳኞችን በሜዳ ላይ አቆመ። በዚህ ሊግ የኒው ዮርኩ ኤምፓየር በ2019፣ በ2022 እና በ2023 አሸንፏል። ከኤምፓየር ተጫዋቾች መካከል ለፖኒም የሚጫወቱ ነበሩ። ስለዚህ አንዱ ሰው በአንዱ ውድድር የዳኛን ፊሽካ ይጠብቃል፤ በሌላው ውድድር በራሱ ላይ ይፈርዳል። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው የተጣለበት አደራ ነው። ዳኛ ባለበት ሜዳ ጥፋትን የማየት ሥራ የዳኛው ስለ ሆነ፣ ያልታየ ጥፋት እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ዳኛ በሌለበት ግን ጥፋቱን የሠራው ሰው ራሱ ምስክር ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ለጥያቄያችን ይህ ታሪክ የሚሰጠው መልስ እንዲህ ይመስለናል። የክብር ሕግ በዋንጫ ፊት አልፈረሰም፤ ያለ ድጋፍም አልቆመም። ያቆሙትም ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መተዋወቅ ነው። የኒው ዮርክና የቦስተን ተጫዋቾች በየዓመቱ ይገናኙ ስለ ነበር፣ ዛሬ በሐሰት የተገኘች ነጥብ ነገ በሚመጣው ግጥሚያ ታስጠይቃለች፤ ለባላጋራው የማይታመን ሰው በቀጠናው ሁሉ ስሙ ይጠፋል። ሁለተኛው የተደራጀ ሥርዓት ነው። ሰው ሁሉ ቅን ነው ብሎ ዝም ማለት አልበቃም፤ ተጫዋቹ የመፍረድ ሥልጣኑን ሳይነጠቅ ክርክር የሚቆረጥበት መንገድ ማበጀት አስፈለገ።

ይህ ነገር ለስፖርት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ተማሪ ያለ ጠባቂ ፈተና እንዲፈተን፣ ማኅበርም ሒሳቡን ራሱ እንዲቆጣጠር ሲታሰብ ያው ጥያቄ ይነሣል። በሰው ላይ ጠባቂ ማቆም ቀላል ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይታያል። ሰው በራሱ ላይ እንዲፈርድ ማስተማር ግን ረጅም ጊዜ ይጠይቃል፤ ይልቁንም ብዙ የሚያሳጣ ነገር በፊቱ ሲቀርብ ነው ትምህርቱ የሚፈተነው። የሰሜን ምሥራቅ ቡድኖች ካነሧቸው ዋንጫዎች ይልቅ ለጥናት የሚበጀው፣ ዋንጫውን እየፈለጉ ይህን ትምህርት ለመጠበቅ ያደረጉት ትግል ነው ብለን እናምናለን።